ማየት አይከፈልበትም

ስምንት ዓመት ሲሆነኝ፣ በጅማ ከተማ እንደኔ የምታምር ልጅ የለችም ብዬ አምን ነበር። ማስረጃም ነበረኝ። ወደ ሂርማታ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር አባቴ ፎቶ ቤት ነበረው፤ በፎቶ ቤቱ የመስታወት መስኮት ውስጥ፣ ከሌሎቹ ሁሉ ከፍ ብሎ፣ የኔ ፎቶ ተሰቅሏል። ለኢድ ነጭ ቀሚስ ለብሼ የተነሣሁት ነው። የዚያን ጊዜ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ስለነበር አባቴ ጉንጬንና የፀጉሬን ሪባን በቀጭን ብሩሽ ሮዝ ቀለም ቀብቶልኛል። መንገደኛ ሁሉ ቆም ብሎ መስኮቱን ያያል። እኔም ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ የሚያዩት እኔን ነው እያልኩ፣ እያንዳንዱን በሆዴ አመሰግን ነበር።

ከኔ ፎቶ ሥር የአንድ ወጣት ፎቶ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሰው የሚቆመው ለሱ ነው። ይህን ግን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

ዘመኑ 1977 ነው። ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ የየገበሬ ማኅበሩ ምልምሎች በጭነት መኪና እየመጡ አባቴ ዘንድ የመታወቂያ ፎቶ ይነሡ ነበር። አንድ ቀን ሌሎቹ ሲወጡ አባቴ አንዱን አስቀረና፣ መብራቱን ከጎን አድርጎ፣ ለራሱ ደስ እንዲለው አንድ ፎቶ አነሣው። ረጅም አንገት፣ ሊስቅ ሲል የቆመ አፍ፣ ትከሻው ላይ የሰፋ የተውሶ ካኪ ኮት። ያንን ፎቶ አሳድጎ ሰቀለው። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ጎረምሳ ሁሉ፣ "ጋሽ ቲጃኒ፣ እንደዚያኛው አድርገህ አንሣኝ" ማለት ጀመረ። የእርሻ ኮሌጅ ሴት ተማሪዎች እሱን ለማየት ብለው ይገቡና "ይሄ ልጅ የማን ነው?" ይላሉ። አባቴ "የመንግሥት" ይላቸዋል፤ እነሱም ይስቃሉ።

ፎቶ ቤታችን ከሚነሣው ሰው የማይነሣው ይበዛበት ነበር። እናቴ ዙሀራ ባንኮኒው ኋላ ተቀምጣ፣ ለገባው ሁሉ "ተቀመጡ፣ ተቀመጡ" ትላለች። ማዶ ያለው ትምህርት ቤት አስተማሪዋ እትዬ ብርሃንነሽ በየጠዋቱ መጥታ በትልቁ መስታወታችን ፊቷን ታያለች፣ በኛ ማበጠሪያ ፀጉሯን ትሠራለች። ፎቶ ስትነሣ አይቼ አላውቅም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋሽ ሸኩር የስፌት መኪናው ዘይት በነካው እጁ ጋዜጣ ይዞ ከሰዓቱን ሙሉ አግዳሚው ላይ ይውላል። የኮሌጅ ልጆች ከዝናብ ይጠለሉበታል። ማንም ማንንም "ምን ልትገዛ ነው?" አይልም። እኔም ፎቶ ቤት ማለት ሰው ገብቶ የሚቀመጥበት ቤት ማለት ይመስለኝ ነበር።

ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። ሐሙስ ሐሙስ፣ ገበያው ሊፈታ ሲል፣ አንዲት ሸክላ ሻጭ መስኮታችን ፊት ትቆማለች። ጀርባዋ ላይ ድስት የምትሸከምበት የእንጨት ቃሬዛ ከነጭዱ አለ። እግሯ እስከ ባቷ የደረቀ ጭቃ ነው። ትመጣና ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ታያለች። ከዚያ መዳፏን መስታወቱ ላይ ታሳርፋለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከሰው ሁሉ አብልጣ የምታየኝ እሷ ስለነበረች፣ እኔም ከሰው ሁሉ አብልጬ የምወዳት እሷን ነበር። ባለ ፎቶዋ እኔ መሆኔን እንድታውቅልኝ፣ ደረጃው ላይ ሆኜ ልክ እንደ ፎቶው አንገቴን ዘንበል አደርግላታለሁ። አንድም ቀን ዞር ብላ አላየችኝም።

ትንሽ ቆይታ እናቴ ትወጣለች።

"ምን ፈለግሽ? የምትገዢው አለ?"

ሴትዮዋ ራሷን ትነቀንቃለች።

"እንግዲያ ደንበኛ አትከልክይብን። እለፊ።"

ታልፍና መንገዱን ተሻግራ፣ ከወዲያ ማዶ ሆና ታያለች። እናቴ ውኃና ሳሙና አምጥታ መዳፏ ያረፈበትን ቦታ ታጥባለች። እናቴ ንጽሕና የምትወድ ሴት ነበረች፤ የእጅ አሻራ ያስጠላታል አልኩ። ጋሽ ሸኩር በዘይት እጁ ያንኑ መስታወት ሲደገፍ ግን ውኃው እስከ ማግስቱ ይቆይ ነበር። ይህን አይቻለሁ። አይቼም ምንም አላሰብኩም።

አንድ ሐሙስ እትዬ ብርሃንነሽ ከመስታወቱ ፊቷን ሳታነሣ፣ "ዙሀራ፣ ይቺ ፉጋ ልጅሽ ላይ ዓይኗን ተክላለች" አለች። "ፎቶውን አውርጂው። ትበላታለች።"

ፉጋ የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎቹ ናቸው፤ የንቀት ስም ነው። የከተማው ሰው ድስታቸውን ይገዛል፤ ወጡንም በድስታቸው ሠርቶ ይበላል። እነሱን ግን ቤቱ አያስገባም፤ ከእጃቸውም አይቀምስም። ዓይናቸው ሰው ይበላል ይባላል። እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት "ትበላታለች" የሚለውን ብቻ ነው። ከየት ትጀምር ይሆን ብዬ አሰብኩ። ከጉንጬ መሰለኝ፤ ሮዝ ስለሆነ።

እናቴ ቀና ብላ ፎቶዬን አየች። ከኔ በፊት ወንድ ልጅ ነበራት፤ በሦስት ዓመቱ ኩፍኝ ወሰደው። ሐኪሙ ኩፍኝ ነው ብሏል። እሷ ግን እስክትሞት ድረስ "ዓይን ነው" እንዳለች ነው። ሳስታውሳት ይህንንም አብሬ ማስታወስ አለብኝ፤ አለዚያ ክፉ ሴት ትመስላለች። ክፉ አልነበረችም። ፈሪ ነበረች።

በሳምንቱ ሰኞ ትኩሳት ያዘኝ። ጥርሴ ይንገጫገጫል፤ ሦስት ብርድ ልብስ ደርበውልኝ ይበርደኛል። እናቴ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ጨፍልቃ አፍንጫዬ ላይ ያዘች። እትዬ ብርሃንነሽ ጎንበስ ብላ ጆሮዬ ሥር ጮኸች።

"ማን ናት? ንገሪን! ማን ናት?"

ጥያቄው አልገባኝም። ፊት ለፊቴ ያየሁት እሷን ስለነበር፣ "እትዬ ብርሃንነሽ" አልኩ።

"ትቃዣለች" አለች እትዬ ብርሃንነሽ። "ሌላስ?"

"ጋሽ ሸኩር።"

"አይደለም! ሐሙስ ሐሙስ የምትመጣዋ ናት? መስኮቱ ጋ የምትቆመዋ?"

ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ጠበቁኝ። ትልልቅ ሰዎች እንደዚያ ሲጠብቁኝ የመጀመሪያዬ ነው። መልሱ የቱ እንደሆነ ገባኝ።

"አዎ፣ እሷ ናት" አልኩ።

ማክሰኞ ክሊኒክ ወሰዱኝ። ወባ ነው ተባለ፤ የሚመረውን ክሎሮኪን ሰጡኝ። ረቡዕ ድኜ ተነሣሁ። ቤታችን ውስጥ ግን ያዳነኝ ክሎሮኪኑ አልሆነም። ስሟን መጥራቴ ነው ያዳነኝ ተባለ። ስሟን እንኳ አላውቀውም ነበር።

በማግስቱ ሐሙስ ነው። እናቴ በጋቢ ጠቅልላ ባንኮኒው አጠገብ አስቀምጣኛለች። እትዬ ብርሃንነሽ መስታወቱ ፊት ናት፤ ጋሽ ሸኩር ጋዜጣውን ይዟል። አባቴ ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ነው፤ ከበሩ በላይ ያለችው ቀይ አምፖል በርታለች። ቀይዋ ስትበራ ማንም በሩን አይከፍትም፤ ብርሃን ከገባ ፊልሙ ይቃጠላል።

ሴትዮዋ ያን ቀን መስኮቱ ጋ አልቆመችም። ቃሬዛዋን ያልተሸጠ አንድ ድስት እንዳለበት ደረጃው ላይ አወረደች። ከዚያ ገባች። ቤታችን ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። እጇ ውስጥ የተቋጠረ ጨርቅ ይዛለች። ወደ መስኮቱ ጠቆመችና በኦሮምኛ፣

"ሙጫ ኮ ናፍ ኬና" አለች።

ልጄን ስጡኝ ማለት ነው።

ጣቷ ላይ ዓይኔን ተከልኩ። ጣቷ ወደኔ ፎቶ ነው የሚሄደው። የኔ ፎቶ ከላይ ነው፣ የወጣቱ ከታች ነው፤ ቆማ ከሩቅ ለምትጠቁም ሴት ሁለቱ አንድ ቦታ ናቸው። ያን ጊዜ ግን ይህ ለማናችንም አልታየንም። እሷ ደግሞ ዝም ስንላት ያላመንናት መሰላት። ቋጠሮዋን ፈታ ሳንቲሙን ዘረጋችልን።

"እገዛዋለሁ" አለች። "በነፃ አላልኩም። እገዛዋለሁ።"

እኔን ልትገዛኝ ነው! የቤቱ ጣሪያ እስኪነቃነቅ ጮኽኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ከኮሌጁ ልጆች አንዷ ገብታ ወደ መስኮቱ ጠቁማ "ያንን ስጡኝ" ብትል፣ እናቴ "የትኛውን?" ትላት ነበር። አንዲት ቃል ናት። እዚያ ቤት ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን፤ አራታችንም ኦሮምኛ እንደ ውኃ እንጠጣለን። "የትኛውን?" ያላት የለም።

እናቴ ከባንኮኒው ወጣች። በእጇ አልነካቻትም። የመጋረጃ መስቀያውን ረጅም ዘንግ አነሣችና በሱ ጫፍ ደረቷን ገፋቻት። "ውጪ! ልጄን ውጪና ውጪልኝ!" ትላለች፤ ምን እያለች እንደሆነ አታውቀውም። ሴትዮዋ ወደ ኋላ እየሄደች አሁንም ትናገራለች፤ በኔ ጩኸት አይሰማም። እትዬ ብርሃንነሽ "ያዟት!" አለች። ጋሽ ሸኩር ጋዜጣውን ጥሎ ሮጠና አንድ አብዮት ጠባቂ ይዞ መጣ።

"ምንድን ነው?" አለ ጠባቂው።

"ይቺ ፉጋ ልጅ ልትወስድ ገብታ…" ሲል ጋሽ ሸኩር፣ ጠባቂው በጣቱ አስቆመው።

"ጓድ፣ በአብዮታዊት ኢትዮጵያ ፉጋ የሚባል የለም። ሕዝብ ሁሉ እኩል ነው። ሸክላ ሠሪ ነው የሚባለው።" ከዚያ ወደሷ ዞረ። "ምን ገዝተሽ ነው እዚህ የገባሽው?"

ቋጠሮዋን አሳየችው።

"አልገዛሽም ማለት ነው። ተነሺ፣ ወደ ቀበሌ።"

ሲጎትታት እግሯ ቃሬዛው ላይ አረፈ፤ ድስቱ ከደረጃው ወደቀ። ሸክላ ሲሰበር እንደ ብርጭቆ አይጮህም። "ዷ" ብሎ ዝም ነው።

አባቴ የወጣው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። "ፊልም እያጠብኩ ነበር" አለ። "ብከፍተው ይቃጠል ነበር።" ማንም አልወቀሰውም። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ታሞ እኔ ቤት ተኝቶ ሳለ፣ ምንም ሳልጠይቀው፣ "ፈድሊያ፣ ያን ቀን እኮ ፊልም አልነበረም" አለኝ። "አምፖሏን አብርቼ ተቀምጬ ነበር። ድምጿን ሰምቻለሁ።" የትኛውን ቀን ብዬ አልጠየቅኩትም።

ያን ዕለት ማታ፣ ሱቁ ሊዘጋ ሲል፣ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

"ምን አለች? እንዳለችው ንገሪኝ።"

"ልጄን ስጡኝ አለች። ከዚያ እገዛዋለሁ አለች።"

አባቴ ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ሄደ። ብዙ ቆየ። ከዚያ እጁን ሰድዶ ፎቶ አወረደ፤ የኔን አይደለም፣ የወጣቱን ነው።

"አባ፣ ተሳሳትክ" አልኩት። "የፈለገችው እኔን እኮ ነው።"

ፎቶውን ይዞ ጓዳ ገባ። ከጓዳ እሱና እናቴ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

"የሷ ነው?"

"የሷ ነው።"

"ሱብሃነላህ! ይህን ሁሉ ጊዜ፣ ከልጄ ጋር፣ በአንድ መስኮት?" ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ሰው ከሰማ ማን ልጁን እዚህ አምጥቶ ያስነሣል?" አለች።

የወጣቱ ጥፋት ምን እንደሆነ አልገባኝም። አሳዘነኝ። ያለ ጥፋቱ በኔ ምክንያት የወረደ መሰለኝ፤ በዚህስ አልተሳሳትኩም።

በማግስቱ አባቴ ቀበሌ ሄደ። አሳድረዋት፣ ሰፈሯ በሰቃ በኩል መሆኑን መዝግበው፣ ጠዋት ግቢውን አስጠርገው ለቀዋታል። የሚቀጥለው ሐሙስ አልመጣችም። ከዚያ የሚቀጥለውም። አባቴ ሐሙስ ሐሙስ ጨለማ ክፍሉን ትቶ በር ላይ መቆም ጀመረ።

በሦስተኛው ሳምንት እሑድ፣ "የገበሬ ማኅበር ፎቶ ላነሣ ሰቃ እሄዳለሁ፤ ልጅቷ ትናፈስ" ብሎ ለእናቴ ነገራት። ካሜራውን በትከሻው፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ፣ የሴትዮዋን ቃሬዛ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኖ ያዘ። ስለታመምኩ ሊያስደስተኝ ነው ብዬ እየዘለልኩ ተከተልኩት። አሁን ሳስበው ብቻውን መሄድ ፈርቶ ነው የወሰደኝ። ልጅ በእጁ ይዞ የመጣን ሰው በዱላ የሚቀበል የለም።

እስከ ሰቃ በላንድሮቨር ሄድን። ከዚያ በቡና ማሳዎች መካከል በእግር። የሸክላ ሠሪዎቹን ሰፈር አባቴ ሲጠይቅ ሰዎቹ በአፋቸው አይመልሱም፤ በአገጫቸው ይጠቁማሉ። መንገዱ እየጠበበ፣ የቡናው ጥላ እያለቀ፣ የጭስና የእርጥብ ጭቃ ሽታ መጣ። አጥሩ ላይ ሁለት ነጋዴዎች ቆመው በድስት ዋጋ ይከራከራሉ። ድስቱ በአጥር ላይ ይወጣል፣ ክፍያው በአጥር ላይ ይገባል፤ እነሱ አይገቡም። እኛ ገባን።

ሴቶች የድሮ ገል በድንጋይ እየወቀጡ ያደቅቃሉ። እሷ መካከላቸው ተቀምጣ ክንዷ እስከ ክርኗ ጭቃ ውስጥ ነው። አየችን። አልተነሣችም።

አባቴ ቃሬዛውን አጠገቧ አስቀመጠ። "ይቅርታ ልንል ነው የመጣነው" አላት። በእርስዎ ነው ያናገራት፤ እንደ እናቱ።

"የወሰድከውን አመጣህ?" አለችው።

ጋዜጣውን ፈትቶ ሲያሳያት ጭቃ በያዘ እጇ አልነካችውም። ተነሥታ ሄዳ ታጠበች። ረጅም ጊዜ ታጠበች። እጇን በቀሚሷ ሳይሆን በነፋስ አደረቀችው። ከዚያ ፎቶውን በጠርዙ፣ በጣቶቿ ጫፍ ያዘች። ሴቶቹ ሥራቸውን ጥለው ከበቧት።

"ዳባ" አለች። "ዳባ ኮ።" የኔ ዳባ ማለት ነው። ቀና ብላ አባቴን አየችው። "ሲሄድ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? 'ፎቶ አንሺው ጥሩ ሰው ነው። ፎቶህን መስኮት ላይ አደርገዋለሁ፤ እናትህ ሐሙስ ሐሙስ ትየው፤ ማየት አይከፈልበትም ብሎኛል' አለኝ። አንተ አላልከውም?"

አባቴ አንገቱን ደፋ። "ብዬዋለሁ።"

"አንተ እያለህ ነዋ ሚስትህ የምታባርረኝ።"

"ረሳሁት" አለ አባቴ። አባቴ ፊት ይረሳል ብሎ የሚያምን ጅማ ውስጥ አንድ ሰው አይገኝም። እናትና ልጅ ደግሞ፣ አሁን ጎን ለጎን ሳያቸው፣ አንገታቸው አንድ ነው። ሐሙስ ሐሙስ በመስኮቱ በኩል ያን አንገት አይቶት ያውቅ እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ያን ጊዜ ወደኔ ዞረች። ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ።

"አንቺ ነሽ የጮህሽው?"

"አዎ።"

"ለምን?"

"ልትገዢኝ መስሎኝ።"

መጀመሪያ አልሰማችኝም መሰለኝ። ከዚያ ከሆዷ ሳቀች። ጉልበቷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "አንቺን? አንቺን ምን ላድርግሽ? ጭቃ ታቦኪያለሽ? እንጨት ትለቅሚያለሽ? ስድስት ወልጃለሁ፤ ይበቃኛል!" ሴቶቹም ሳቁ። ከኢድ ቀሚሴ ጋር፣ ከሮዝ ጉንጬ ጋር፣ በነፃ እንኳ የማልፈለግ ልጅ መሆኔን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። አልቅሼ ነበር ማለት ይቻላል።

ሳቋ ሲያልቅ ፎቶውን ለሌላ ሴት አስያዘችና ቤቷ ገብታ ያንን ቋጠሮ ይዛ ወጣች። ለአባቴ ዘረጋችለት።

"አይሆንም፣ ስጦታ ነው" አለ አባቴ።

"ሳልገዛ ስቆም ተባርሬአለሁ። ልገዛ ስገባ ታስሬአለሁ። በነፃ ከወሰድኩት ደግሞ ነገ ሌባ ትሉኛላችሁ። ተቀበል።"

አባቴ በሁለት እጁ ተቀበላት።

"ገዛሁት" አለች፤ ለሴቶቹ ነው የምትናገረው። "አሁን የኔ ነው።" ከዚያ ድምጿ ትንሽ ላላ። ስሟ ዲንቄ እንደሆነ የሰማሁት አንዷ ሴት በርጩማ ስታቀብላት ነው። "ተቀመጡ። ሩቅ ነው የመጣችሁት።"

ድስት ልንገዛ እንደሆነ ማንም አልጠየቀንም። በርጩማው ላይ ተቀመጥን። የተቀቀለ ጎደሬ ከነልጣጩ በሸክላ ሳህን፣ ጨውና ሚጥሚጣ በጎን፣ ውኃ በቅል መጣልን። እኔ ርቦኝ ነበር፤ ሁለት ጎደሬ ልጬ በላሁ፤ ውኃውን ጠጣሁ። አባቴም አንድ ትልቅ አነሣ። በእጁ ያገላብጠዋል፣ ይተነፍስበታል። ዲንቄ ፎቶውን የት እንደምትሰቅለው ከሴቶቹ ጋር ስትማከር፣ አባቴ ጎደሬውን ቀስ ብሎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ሲከት አየሁት። እናቴ ጎደሬ ነፍሷ ነው። ለሷ ሊወስድላት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሚስቱን የሚወድ አባት ነው ያለኝ አልኩ።

ዳባ ከጦርነቱ መመለስ አለመመለሱን አላውቅም። በ1983 መንግሥት ሲወድቅ የተበተኑት ወታደሮች በመንገዳችን ሲያልፉ አባቴ በር ላይ ወንበር አውጥቶ የያንዳንዱን ፊት ያይ ነበር። ዲንቄ ከዚያ እሑድ በኋላም ገበያ ትመጣለች፤ ግን በታችኛው መንገድ ታልፋለች። እናቴም ከዚያ ወዲህ የሷን ቦታ ለማጠብ ውኃ ይዛ ወጥታ አታውቅም፤ የሚታጠብ ነገር አልነበረም።

ያን እሑድ ስንመለስ፣ ከሰፈሩ ርቀን ቡናው ውስጥ እንደገባን፣ አባቴ "ቅደሚ፣ እኔ ጫማዬን ላስተካክል" አለኝ። ቀደምኩ። ዞር ስል ጎደሬው ከኪሱ ወጥቶ ቅጠሉ ላይ ወድቋል፤ እሱ ሌላ ወገን እያየ ይራመዳል። አዘንኩለት። ለእናቴ የያዘውን ሳያውቅ ጣለው! ወደ ኋላ ሮጬ አነሣሁና በቀሚሴ ጠርጌ፣ ቤት ስንደርስ ላስደንቀው ብዬ በጉያዬ ደበቅኩት። ላንድሮቨሩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ወደሱ እያየሁ ሳቅኩ። እሱም የግዱን ፈገግ አለልኝ።

ቤት ስንደርስ እናቴ ሱቁን ዘግታ እራት ላይ ነበረች። ጎደሬውን አውጥቼ ሰጠኋት።

"እማ፣ አባ ያመጣልሽ ነው!"

አባቴ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ብሎ ነበር። እንደዚያው ቀረ።

እናቴ ፊቷ በራ። ልጣጩን በጥፍሯ ላጠች፣ ጨው ነካ አደረገች፣ ጎረሰች። ዓይኗን ጨፈነች። "የሰቃ ጎደሬ! ሌላ ቦታ እንዲህ አይገኝም እኮ" አለች፤ እንደገና ጎረሰች። አባቴን አየሁት። ሊነግራት የነበረውን ቃል ረስቶ የሚፈልግ ሰው ይመስላል። 

"ማን ነው የሰጣችሁ?" አለች እናቴ፣ የመጨረሻውን እያነሣች።

እኔ ልናገር ስል አባቴ ቀደመኝ።

"አንዲት ደንበኛችን" አለ።

እናቴ ጣቷን ላሰች። "አላህ እንዲህ ያለውን ደንበኛ ያብዛልን" አለች።

"አሚን" አለ አባቴ።